የትኛው ጠረጴዛ ላይ ልቀመጥ?

ላስ ቬጋስ የሚኖር አበሻ እንጀራው ከካዚኖ ብዙ አይርቅም። ታክሲ የሚነዳው በሩ ላይ ተሰልፎ ተሳፋሪ ይጠብቃል። ሆቴሉ ውስጥ የሚሠራው ፎቅ ላይ ክፍል ያጸዳል። እኔ ደግሞ ፖከር ክፍል ውስጥ ካርታ አድላለሁ። ዲለር ነኝ። በምሠራበት ቤት አልጫወትም፤ በእረፍት ቀኔ ሌላ ቦታ ሄጄ እጫወታለሁ።

እኛ ዲለሮች በየግማሽ ሰዓቱ ጠረጴዛ እንቀይራለን። ስለዚህ በአንድ ፈረቃ ትንሹንም ትልቁንም ጨዋታ አያለሁ። መጀመሪያ 1/3 ላይ እቀመጣለሁ፣ ከዚያ 2/5፣ ከዚያ 5/10። ፖከር ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ፤ እነዚህ ቁጥሮች ካርታ ከመታደሉ በፊት ሁለት ተጫዋቾች በግዴታ የሚያስቀምጡት ገንዘብ ናቸው። ብላይንድ ይባላል። 1/3 ማለት አንዱ 1 ዶላር፣ ቀጣዩ 3 ዶላር ያስቀምጣል ማለት ነው። ሰው አብዛኛውን ጊዜ የትልቁን ብላይንድ መቶ እጥፍ ይዞ ይቀመጣል። ይህ አንድ ባይ-ኢን ነው። 1/3 ላይ 300 ዶላር፣ 2/5 ላይ 500፣ 5/10 ላይ 1,000 ይሆናል።

እዚህ ሥራ ላይ አንድ ነገር ደጋግሜ አይቻለሁ። ሰው ጠረጴዛ ሲቀይር ጠባዩም ይቀየራል። 1/3 ላይ ዘና ብሎ፣ እየተጫወተ እየሳቀ፣ አስቦ የሚወስን ሰው 5/10 ላይ ሲቀመጥ ትከሻው ይወጠራል። ቺፑን፣ በገንዘብ ፋንታ የሚጫወትበትን ክብ ምልክት፣ ደጋግሞ ይቆጥራል። ያዘዘው ቡና ሳይነካ ይቀዘቅዛል።

አንዱን ላንሳ። 1/3 ላይ የሚታወቅ ጎበዝ ተጫዋች ነው። አንድ ቅዳሜ ሌሊት ጥሩ ካሸነፈ በኋላ 5/10 ላይ ስሙን አስመዘገበ። 1,000 ዶላር ይዞ ተቀመጠ። የማድለው እኔ ነበርኩ። ጥንድ ኩዊን ደረሰው። ከፍ አደረገ፤ አንድ ሰው ብቻ ተከተለው። ፍሎፑ፣ ማለትም መሀል ላይ ለሁሉም የሚገለጡት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ካርታዎች፣ 9፣ 6፣ 2 ሆኖ ወጣ። ጥንድ ኩዊን ለያዘ ሰው ከዚህ የተሻለ ፍሎፕ ብዙ አይገኝም። ተቃዋሚው 120 ዶላር አስገባ። ሰውየው ቺፑን አየ፣ መሀል ያለውን ገንዘብ አየ፣ እንደገና ቺፑን አየ። ከዚያ ኩዊኖቹን ገልጦ ለሁሉም አሳየና ጣላቸው። ተቃዋሚው የራሱን ገለጠ፤ ኤስና ጃክ። ምንም አልያዘም ነበር።

ይኸው ሰው 1/3 ላይ 36 ዶላር ቢመጣበት ዓይኑን ሳያሽ ይከፍላል። ስሌቱ አንድ ነው፤ ሁለቱም የትልቁ ብላይንድ 12 እጥፍ፣ በእኛ አነጋገር 12 ቢግ ብላይንድ ናቸው። በኋላ ውጭ ስንገናኝ «የመኪናዬ ኢንሹራንስ ነው የታየኝ» አለኝ። ጨዋታውን የሚያውቅ ሰው ነው። ያን ሌሊት ግን የሚያውቀውን ነገር ሊጠቀምበት አልቻለም።

ስለ ባንክሮል፣ ማለትም ለጨዋታ ስለሚመደብ ገንዘብ፣ ሲወራ ብዙ ሰው የሚያስበው ከመክሰር መዳንን ነው። ትክክል ነው። ግን ከዚያ ቀድሞ የሚመጣ ጥቅም አለው። ከኋላው በቂ ገንዘብ ያለው ሰው ነው በትክክል ማሰብ የሚችለው። መደቡ ከአቅሙ በላይ ሲሆን ችሎታው አብሮት ጠረጴዛው ላይ አይቀመጥም። ከተማው ውስጥ የማውቃቸው አብዛኞቹ የተበሉ ሰዎች በካርታ አላዋቂነት አልተበሉም። ያለ ቦታቸው ስለተቀመጡ ነው።

ታዲያ ባንክሮል የትኛው ገንዘብ ነው? ኪስ ውስጥ ያለው ሁሉ አይደለም። ባንክ ያለውም ሁሉ አይደለም። የቤት ኪራይ፣ የልጅ ወጪ፣ ለእናት የሚላከው፣ ለክፉ ቀን የተቀመጠው ሁሉ ከተነሳ በኋላ ለፖከር ብቻ ተብሎ የተለየ ገንዘብ ነው። ነገ ጠዋት ሙሉ በሙሉ ቢጠፋ ቤት ውስጥ ማንም ሰው ልዩነቱን ማወቅ የለበትም። ገበሬ የዘር እህሉን ከሚበላው ለይቶ እንደሚያስቀምጠው ማለት ነው።

ይህን በደንብ ያሳዩኝ አንድ ታክሲ የሚነዱ አባት ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። በሳምንት አንድ ቀን ይጫወታሉ። የፖከር ገንዘባቸው ሌላ ባንክ ውስጥ ነው፤ ደመወዛቸው ከሚገባበት ሒሳብ ጋር አይነካካም። መኪናቸው ውስጥ፣ ከፀሐይ መከላከያው ጀርባ፣ የተጠቀለለች ትንሽ ደብተር አለች። አንድ ቀን አሳዩኝ። ቀኑ፣ ቦታው፣ የጠረጴዛው ዓይነት፣ የተቀመጡበትና የተነሱበት ሰዓት፣ ያስገቡትና ይዘው የወጡት። የተበሉበት ቀን በቀይ፣ የበሉበት በሰማያዊ። አንድ ገጽ ሙሉ በሙሉ ቀይ ነበር። «ጋሼ፣ ይሄ ምን ሆነው ነው?» ስላቸው፣ «ምንም አልሆንኩም ልጄ፤ እንዲህም ይሆናል» አሉኝና ገጹን ገለጡት።

እውነታቸውን ነው፤ እንዲህም ይሆናል። ቁጥሩን እንየው። ኦንላይን የሚጫወት ጥሩ ተጫዋች በ100 ዙር በአማካይ 5 ቢግ ብላይንድ ያተርፋል እንበል። ይህ ጥሩ ውጤት ነው። የዕድሉ መዋዠቅ ግን በ100 ዙር 90 ቢግ ብላይንድ ገደማ ይደርሳል። ትርፉ 5፣ መዋዠቁ 90። ይህ ሰው 10,000 ዙር ከተጫወተ በኋላ በአማካይ 5 ባይ-ኢን ማትረፍ አለበት። ሆኖም እንደ እሱ ያሉ አሥር አሸናፊዎች ብንወስድ ሦስቱ ገደማ እዚያ ነጥብ ላይ ኪሳራ ውስጥ ናቸው። አልተሳሳቱም፤ ዕድሉ ገና አልተስተካከለም እንጂ።

10,000 ዙር ኦንላይን አራት ጠረጴዛ ከፍቶ ለሚጫወት ሰው የሁለት ሳምንት ሥራ ነው። ካዚኖ ውስጥ ግን በሰዓት 30 ዙር ገደማ ነው የሚታደለው። ስለዚህ ከ330 ሰዓት በላይ ይፈጃል። በሳምንት አንድ ቀን ስምንት ሰዓት ለሚጫወት ሰው ወደ አንድ ዓመት ይጠጋል። ካዚኖ ውስጥ ተቃዋሚው ደካማ ስለሆነ የጎበዝ ትርፍ ከኦንላይኑ ከፍ ይላል። ቢሆንም «ሦስት ወር በላሁ፣ ጎበዝ ነኝ» ብሎ ጠረጴዛ መቀየር ችኮላ ነው። «ሦስት ወር ተበላሁ፣ አልችልም» ማለትም እንደዚያው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ስንት ባይ-ኢን ይበቃል? ያንኑ 5 ቢግ ብላይንድ የሚያተርፍ ተጫዋች እንውሰድ። 10 ባይ-ኢን ብቻ ይዞ ቢነሳና ከጠረጴዛው ዝቅ ሳይል ቢቀጥል ሁሉንም የመጨረስ ዕድሉ 29 በመቶ ነው። 20 ካለው ወደ 8 ወይም 9 በመቶ ይወርዳል። 40 ካለው ከ1 በመቶ በታች ነው። ትርፉ በግማሽ ቢቀንስስ? 2.5 ብቻ ቢሆን? ያን ጊዜ 20 ባይ-ኢን ያለው ሰው እንደገና 29 በመቶ ላይ ይገኛል። 40 ባይ-ኢን 8 ወይም 9 በመቶ ላይ ያደርሰዋል። ትርፉ በግማሽ ሲቀንስ ለተመሳሳይ ደኅንነት ገንዘቡ እጥፍ መሆን አለበት ማለት ነው።

እኔ የምከተለው ለ1/3 ቢያንስ 30 ባይ-ኢን ነው፤ 9,000 ዶላር። ለ2/5 ደግሞ 40፤ 20,000 ዶላር። ወደ ላይ ሲወጣ ባይ-ኢኑን የማበዛው ተቃዋሚው ስለሚጠነክር ነው። ሰው ሲጠነክር የእኔ ትርፍ ይቀንሳል። ትርፍ ሲቀንስ ደግሞ ከላይ ያየነው ስሌት ይመጣል። ብዙ ሰው ግን የሚያደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው። ወደ ላይ በወጣ ቁጥር በትንሽ ባይ-ኢን ይደፍራል፤ «ትልቅ ነው፣ አንዴ ከበላሁ ይበቃኛል» ይላል።

ለተሸናፊ ተጫዋች ግን ይህ ሁሉ ስሌት አይሠራም። ይህን በግልጽ ማለት አለብኝ። በአማካይ የሚከስር ሰው 10 ባይ-ኢንም ያስቀምጥ 500፣ መጨረሻው ያው ነው፤ የሚለየው የሚፈጅበት ጊዜ ነው። ለዚህ ነው ደብተር ከባንክሮል የሚቀድመው። ፖከር ላይ ካዚኖው ከእኛ ጋር አይጫወትም። እርስ በርሳችን እንድንጫወት ያደርግና ከየዙሩ ድርሻውን ያነሳል። ሬክ ይባላል። ያን ሬክ በእጄ የማነሳው እኔ ነኝ፤ ምን ያህል እንደሚሆን አውቃለሁ። ከጠረጴዛው ጎበዝ መሆን አይበቃም። ከጠረጴዛውም ከሬኩም በላይ መሆን ያስፈልጋል። ትንሹ ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ሬኩ ከመደቡ ጋር ሲነጻጸር ከባድ ነው። ደብተር የሌለው ሰው ይህን በፍጹም አያየውም፤ የበላበትን ሌሊት ያስታውሳል፣ የተበላበትን ይረሳል።

ገንዘቡ የሚያልቀው ሁሌም ፖከር ላይ አይደለም። ከፖከር ክፍሉ ወጥቶ ወደ ገንዘብ መቀየሪያው መስኮት የሚሄድ ሰው በሩሌትና በዳይስ ጠረጴዛዎች መሀል ያልፋል። የቤቱ አሠራር ነው። ሌሊቱን ሙሉ በትዕግሥት 400 ዶላር ያተረፈ ሰው እዚያ መንገድ ላይ በአምስት ደቂቃ ሲጨርሰው አይቻለሁ። አሜሪካ በተለመደው ባለ ሁለት ዜሮ ሩሌት ላይ ቤቱ ከእያንዳንዱ 100 ዶላር በአማካይ 5.26 ዶላር ያስቀራል። ለእንዲህ ያለ ጨዋታ የሚሆን ባንክሮል የለም።

የዚህ ከተማ ታሪክ ምስክር ነው። አርቺ ካራስ የሚባል ሰው በ1992 መጨረሻ 50 ዶላር ይዞ ላስ ቬጋስ ገባ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። በፑል፣ በፖከርና በዳይስ ገንዘቡን ከ40 ሚሊዮን ዶላር በላይ አደረሰው። በ1995 ግን ሁሉም አልቆ ነበር። በብዛት የበሉት ዳይስና ባካራ ናቸው። የሚገጥመው ባላጋራ ሲያጣ ከካዚኖው ጋር ወደሚደረጉት ወደ እነዚህ ጨዋታዎች ዞረ።

ስቱ አንገር ደግሞ የበለጠ ያሳዝነኛል። የዓለም ፖከር ሻምፒዮናን ዋና ውድድር በ1980፣ በ1981 እና በ1997 አሸንፏል። እንደ እሱ ያለ አእምሮ ጠረጴዛ ላይ ብዙ አልታየም። በ1997 መግቢያውን 10,000 ዶላር የከፈለለት ጓደኛው ቢሊ ባክስተር ነበር፤ ራሱ አልነበረውም። ሽልማቱ 1 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ለሁለት ተካፈሉት። በኅዳር 1998 እዚሁ ከተማ ርካሽ ሞቴል ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ዕድሜው 45 ነበር። ኪሱ ውስጥ 800 ዶላር ገደማ ነበር፤ ለቀብሩ ጓደኞቹ አዋጡ። ሱስም ነበረበት፤ ሁሉንም ነገር በገንዘብ አያያዝ ላይ መጫን አልፈልግም። ግን ችሎታ ብቻውን ገንዘብን እንደማያቆይ ከእሱ በላይ ያሳየ ሰው አላውቅም።

ከዚህ ተቃራኒ የሆነ ታሪክ ላውጋችሁ። እኔ ስለ ፖከር ከሰማሁት ሁሉ ይህን እወዳለሁ። አንዲ ቢል የዳላስ ባለባንክ ነው። ሒሳብም ይወዳል፤ በስሙ የሚጠራ ያልተፈታ የሒሳብ ጥያቄ አለ፤ ለሚፈታውም 1 ሚሊዮን ዶላር መድቧል። በ2001 ላስ ቬጋስ መጥቶ ከዓለም ምርጥ ተጫዋቾች ጋር ለመጫወት ተቀመጠ። በችሎታ እንደማይበልጣቸው ያውቃል። ስለዚህ መደቡን ወደ ላይ ገፋው። እነሱ ገንዘቡን መፍራት እስኪጀምሩ ድረስ። በ2004 ጨዋታው 100,000/200,000 ዶላር ደርሶ ነበር፤ እዚህ ላይ ቁጥሮቹ ብላይንድ ሳይሆኑ የየውርርዱ መጠን ናቸው።

እነ ዶይል ብራንሰን፣ ቺፕ ሪስ፣ ጄኒፈር ሃርማን ምን አደረጉ? ሁሉም ሚሊየነር ነበሩ። ሁሉም እንደሚበልጡት ያምኑ ነበር። ቢሆንም መደቡ ሲያድግ ብቻቸውን ሊገጥሙት አልፈለጉም። ገንዘባቸውን አዋጥተው አንድ ባንክሮል አደረጉ፤ አንዱ ሲጫወት ትርፉም ኪሳራውም የሁሉም ሆነ። በየካቲት 2006 ፊል አይቪ በዚያ በጋራ ገንዘብ ተቀምጦ በሦስት ቀን ከ16 ሚሊዮን ዶላር በላይ አሸነፈው። አይቪ ያን ያህል ቀዝቀዝ ብሎ ሊጫወት የቻለው ገንዘቡ የእሱ ብቻ ስላልነበረ ይመስለኛል። ቢል ያሰበው ፍርሃት የሚገባበት ቀዳዳ አላገኘም። ምርጦቹ «ይህ መደብ ለእኔ ለብቻዬ ይከብዳል» ማለት ካላሳፈራቸው፣ እኛ 2/5 ላይ የምንቀመጠው ሰዎች ምን ያሳፍረናል?

ግን ያሳፍረናል። ከባንክሮል ሕግ ሁሉ ከባዱ ወደ ትንሹ ጠረጴዛ ዝቅ ማለት ነው። በተለይ ለእኛ ለአበሾች። እርስ በርስ እንተዋወቃለን። 2/5 ላይ ስትቀመጥ ያየህ ሰው 1/3 ላይ ሲያይህ «ምነው፣ ተመታህ እንዴ?» ይላል። ሰው ምን ይለኛል ብሎ የሚጫወት ሰው ደግሞ እልህ ለመግባት አንድ እርምጃ ይቀረዋል። እልህ ውስጥ የገባ ሰው የሚያደርገውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የጠፋውን ለማስመለስ ከጠፋበት ጠረጴዛ ከፍ ወዳለው ይሄዳል። በሥራዬ ላይ ካየሁት ሁሉ ሰውን ቶሎ የሚጨርሰው ይህ ነው። 1/3 ላይ 600 ተበልቶ 2/5 ላይ 1,000 ይዞ ይቀመጣል። ያም ሲሄድ ወደ ኤቲኤም ይነሳል።

ጋሼ ያን ቀዩን ገጽ በሞሉበት ሰሞን ሳምንቱን ሲጠብቁ ቆይተው መጡ። 2/5 ላይ ቦታ ነበር። አስመዝጋቢው ስማቸውን ጠርቶ ወደዚያ አመለከታቸው። «አይ፣ 1/3 ላይ» አሉት። የሚያውቋቸው ሁለት ልጆች 2/5 ላይ ተቀምጠው ነበር። ሰላም አሏቸው፣ የአንዱን ትከሻ መታ መታ አደረጉና አልፈው ሄደው ተቀመጡ። ዙር እየተካሄደ ከእንግሊዝኛ ሌላ መናገር ስለማይፈቀድ ምንም አላልኳቸውም። በኋላ ሻይ ላይ ስጠይቃቸው ሕጋቸውን ነገሩኝ። ባንክሮሉ ከ30 ባይ-ኢን ሲያንስ ወዲያውኑ ይወርዳሉ። ሲመለስ ይወጣሉ። «ቀድሜ ወስኜዋለሁ። እዚያ ቆሜ ብወስን እልህ ይወስንልኛል» አሉኝ። ለወራት 1/3 ላይ ቆዩ። ከዚያ ወደ 2/5 ተመለሱ።

ቀድሞ መወሰን ሲባል ክሪስ ፈርግሰንን ሳላነሳ አላልፍም። የ2000 ሻምፒዮን ነው። በ2006 ፉል ቲልት በተባለው የኦንላይን ፖከር ድርጅት ላይ ከዜሮ ተነስቶ፣ ነጻ ውድድሮችን በመጫወት ጀምሮ፣ 10,000 ዶላር ለመድረስ ተነሳ። ደረሰም፤ ከአንድ ዓመት በላይ ፈጀበት። ሕጎቹ ጥብቅ ነበሩ። ለአንድ ካሽ ጌም፣ እስካሁን እንዳወራነው ቺፑ ራሱ ገንዘብ ለሆነበት ጨዋታ፣ ከባንክሮሉ ከ5 በመቶ በላይ አያስገባም። ብዙ ሰው ለሚሳተፍበት ቱርናመንት፣ መግቢያ ተከፍሎ ለሽልማት ለሚደረግ ውድድር፣ ከ2 በመቶ በላይ አይከፍልም። ጠረጴዛው ላይ ያለው ገንዘብ ከጠቅላላው ከ10 በመቶ ከበለጠ፣ እየበላም ቢሆን፣ ብላይንዱ ሲደርሰው ይነሳል። መጀመሪያ ላይ ሳንቲም ሳንቲም ነበር የሚጫወተው። የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ በሳንቲም መጫወት ትዕግሥቱን አስቡት። 5 በመቶው በእኔ አስተያየት ለሥራ ሰው ትንሽ ደፋር ነው። ሦስተኛውን ሕግ ግን በጣም እወደዋለሁ፤ በማሸነፍ ላይ ያለን ሰው የሚያስነሳ ሕግ እምብዛም የለም።

እዚያው ድርጅት ላይ የሆነው ደግሞ ሌላ ትምህርት ነው። ፈርግሰን ከድርጅቱ ዳይሬክተሮች አንዱ ነበር። በሚያዝያ 2011 የአሜሪካ መንግሥት ትልልቆቹን የኦንላይን ፖከር ድርጅቶች ከገበያው አስወጣ። በኋላ መንግሥት ባቀረበው ክስ እንደተገለጸው ፉል ቲልት ለተጫዋቾች 390 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ዕዳ ሲኖርበት ባንክ የነበረው 60 ሚሊዮን ገደማ ነበር። አሜሪካ ያሉት ተጫዋቾች ገንዘባቸውን ማግኘት የጀመሩት በ2014 ነው። ሦስት ዓመት ገደማ መሆኑ ነው። ስንቱ ሰው ባንክሮሉን በሥርዓት አስልቶ፣ በሥርዓት ተጫውቶ፣ ሁሉንም አንድ ቦታ ስላስቀመጠ ብቻ ባዶ እጁን ቀረ። ኦንላይን የምትጫወቱ ሰዎች፣ ለሚቀጥለው ወር የሚያስፈልገውን ብቻ እዚያ ተዉ። ቀሪው በስማችሁ ባንክ ይግባ።

ስለ ቱርናመንት አጭር ነገር ልበል። የዓለም ሻምፒዮናው የ2024ቱ ዋና ውድድር 10,112 ተጫዋች ነበረው። 1,517ቱ ሽልማት አገኙ። አሸናፊው 10 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። ከ8,500 በላይ ሰዎች 10,000 ዶላራቸውን ሰጥተው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ጎበዝ ተጫዋችም ከአሥር ውድድር በስምንቱ ባዶ እጁን ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ቱርናመንት ላይ 30 ወይም 40 ባይ-ኢን ምንም አይደለም፤ መቶና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ክሪስ መኒሜከር በ2003 በ86 ዶላር ማጣሪያ ገብቶ 2.5 ሚሊዮን ማሸነፉን ሁሉም ያስታውሳል። የሚረሳው 86 ዶላሩ ነው። ከአቅሙ ያልወጣ መደብ ነበር። ወደ 10,000 ዶላሩ ውድድር ለመግባት ቤቱን አላስያዘም።

አንድ ጊዜ የእቁብ ዕጣ የደረሰው ሰው አውቃለሁ። ገንዘቡን ይዞ በቀጥታ 5/10 ላይ ተቀመጠ። ለሰባት ወይም ስምንት ባይ-ኢን ይበቃዋል። «እቁቤ ነው፣ የራሴ ነው» ይላል። የራሱ አይደለም። ገና ብዙ ወር የሚከፍለው ዕዳ ነው፤ ቀድሞ ስለወሰደው ብቻ የራሱ መሰለው። አጠገቡ የተቀመጡት ተጫዋቾች ይህን ባያውቁም በሁለት ሰዓት ውስጥ ፈሪ ገንዘብ መሆኑን አሸተቱ። ከፍ ባደረጉበት ቁጥር ይጥላል። እንደዚህ ያለ ገንዘብ ካርታ ላይ ከመውጣቱ በፊት የተበላ ነው። ሰውየው እንዲህ ያለ ገንዘብ ደጋግሞ ይዞ ከመጣ ደግሞ ነገሩ የመደብ ምርጫ ጥያቄ መሆኑ ቀርቷል። ሕክምና የሚያስፈልገው ሱስ ነው። አሜሪካ ውስጥ ነጻ የምክር መስመሮች አሉ። አብሮ መደወል የወንድም ሥራ ነው።

በቅርቡ አንድ ወጣት ዘመዴ፣ የመጋዘን ሥራውን ትቶ ሙሉ ጊዜውን 1/3 ሊጫወት አሰበ። ጎበዝ ነው፤ ደብተሩም አለው፤ በሰዓት 5 ቢግ ብላይንድ እንደሚያተርፍ አሳየኝ። ይህ በጣም ጥሩ ቁጥር ነው። 15 ዶላር በሰዓት። የኔቫዳ ዝቅተኛ የሥራ ክፍያ 12 ዶላር ነው። ቁጭ ብለን አሰላነው። ፖከሩ የጤና ኢንሹራንስ የለውም። የእረፍት ክፍያ የለውም። የሚከስርበት ወር ይኖራል፤ ያን ወርም ኪራይ ይከፈላል። ኪራዩ ከባንክሮሉ ሲወጣ ደግሞ 30 የነበረው ባይ-ኢን 25 ይሆናል፤ ጠረጴዛው ሳይበላው ኑሮው ይበላዋል። ታክስም አለ። በ2025 የወጣው ሕግ ከ2026 ጀምሮ ከቁማር ገቢ ላይ የሚቀነሰውን ኪሳራ በጠቅላላ ኪሳራው 90 በመቶ ላይ ገድቦታል። ስለዚህ ከባንክሮሉ ሌላ ቢያንስ የስድስት ወር ኑሮ ተቀምጦ ካልሆነ ሥራውን እንዳይለቅ ነገርኩት።

«ሥራዬን ይዤ ከተጫወትኩስ?» አለኝ። እሱማ ሌላ ነገር ነው። ደመወዝ ያለው ሰው ባንክሮሉ ቢያልቅ እንደገና ይሰበስባል። ከኪራይ ጋር ስለማይጋፋም 20 ባይ-ኢን ሊበቃው ይችላል። ቅዳሜ ማታ 300 ይዞ ይቀመጣል። ሁለት ጊዜ ከተበላ ይነሳል። ያለው 6,000 ዶላር ነው፤ 1/3 ላይ ይበቃዋል። 2/5 ላይ ግን 12 ባይ-ኢን ብቻ ነው። 10,000 ሲደርስ 2/5ን ይሞክር፤ 8,000 ሲሆን ያለ ክርክር ወደ 1/3 ይመለስ። ሁለቱንም ቁጥሮች ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አስጻፍኩት።